ጂዜል፦ ክብደትን የመደበቅ ጥበብ

ሰላም አድማጮቼ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ባሌት ብቻ ነው፤ ስለ ጂዜል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውሳችሁ። ጂዜል የገጠር ልጅ ናት። አልብረክት የሚባል መስፍን ማንነቱን ደብቆ ይቀርባታል። እጮኛ እንዳለው ስታውቅ አእምሮዋ ይናወጣል፣ ትሞታለች። ሁለተኛው ክፍል መቃብሯ አጠገብ፣ ሌሊት ነው። ሳይዳሩ የሞቱ ልጃገረዶች መናፍስት፣ ዊሊዎቹ፣ ያገኙትን ወንድ ነፍሱ እስክትወጣ ያስጨፍሩታል። ጂዜል ግን የከዳትን ሰው እስኪነጋ ድረስ ትታደገዋለች።

ይህ ሥራ በሰኔ 1841 ፓሪስ ኦፔራ ላይ ታየ፤ ሙዚቃው የአዶልፍ አዳም፣ የዳንሱ ቅንብር የዣን ኮራሊና የዡል ፔሮ ነው። ፓሪስ በ1868 ከመድረክ አወረደችው። ከመጥፋት ያዳነው በሴንት ፒተርስበርግ የዳንስ ቅንብር ባለሙያው ማሪየስ ፔቲፓ ነው፤ እያደሰ፣ እየጨመረ። ስለዚህ ዛሬ የምናየው ጂዜል አብዛኛው በፔቲፓ እጅ ያለፈ ነው። የፒተርስበርጉ ባሌት ኃላፊ የነበረው ኒኮላይ ሰርጌዬቭ፣ የዳንሱ እርምጃዎች በምልክት የተጻፉበትን መዝገብ ከሩሲያ ይዞ ወጥቶ፣ በእሱ ተመርኩዞ በ1934 ለንደን ላይ ለመድረክ አበቃው።

ለእኔ የጂዜል ትልቁ ጥያቄ ክብደት ነው። ሥጋና አጥንት ያለው ዳንሰኛ መንፈስ ለመምሰል ክብደቱን የት ይደብቀዋል?

የዊሊዎቹን መሻገሪያ ውሰዱ። በግራና በቀኝ የቆሙ ሁለት ቡድኖች፣ በትልልቅ የባሌት ተቋማት ባጠቃላይ 24 ያህል ሴቶች፣ አንድ እግራቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው፣ ማለትም በአራቤስክ፣ በቆሙበት እግር እየዘለሉ አንዱ ረድፍ በሌላው መሃል ያልፋል። ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የሚያለቅሰው የቆመው እግር ባት ነው፤ እረፍት የለውም። ደክሟት ጉልበቷን ሳታጥፍ ከዝላይ መሬት ላይ የምታርፍ ዳንሰኛ ድምፅ ታሰማለች፤ ሃያ አራቱም እንዲህ ካረፉ ኦርኬስትራውን ይውጡታል። አንዷ ተለጣጭ ስለሆነች እግሯን ከሌሎቹ አስበልጣ ካነሳች መስመሩ ይሰበራል። እዚህ ላይ ችሎታን መግታት ራሱ ችሎታ ነው። ርቀቷን የሳተች ደግሞ ከፊት የሚመጣው ረድፍ ላይ ትወድቃለች። ለዚህ ነው ልምምዱ ላይ አስተማሪዎች ከእግር ይልቅ ዓይንን የሚያርሙት፦ ጎረቤትሽን በጎን ዓይንሽ ያዢ፣ አንገትሽን ግን አታዙሪ።

የጫማው ነገርም አለ። በመጀመሪያው ክፍል ጂዜል በግራ እግሯ ጣት ጫፍ ላይ ቆማ መድረኩን በሰያፍ እየዘለለች ታቋርጣለች። ለዚህ የጫማው ጫፍ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ከለሰለሰ ጣቶቿ ይደቆሳሉ፣ ቁርጭምጭሚቷም ይከዳታል። ለሁለተኛው ክፍል ግን ያው ጠንካራ ጫማ ወለሉን ያንኳኳል። ስለዚህ ብዙዎች በእረፍት ሰዓት ይቀይራሉ፤ ሁለተኛውን ጥንድ አስቀድመው በመዶሻ ወይም ግድግዳ ላይ በመምታት ያለሰልሱታል።

አልብረክትም የራሱ ፈተና አለበት። ሚርታ፣ የዊሊዎቹ ንግሥት፣ ስታዘው ባለበት ሽቅብ እየዘለለ አየር ላይ እግሮቹን ያጣምራል፤ አንትርሻ ሲስ ይባላል። አንዳንዶች 32 ጊዜ ይደግሙታል። ድካሙ መተወን ያለበት በእጅና በጭንቅላት ነው። ድካሙ እውነት ሆኖ ትከሻ ከተነሳ ዝላዩ ያጥራል፣ እግሮቹም ሳይጣመሩ መሬት ይነካሉ።

አሁን ጂዜልን በራሳቸው መንገድ እንደገና ወደ ሠሩት የዳንስ ቅንብር ባለሙያዎች ልምጣ። ከጂዜል ጋር በእውነት የተነጋገሩት ይህን የክብደት ጥያቄ ያገኙት ናቸው ብዬ አምናለሁ። ስዊድናዊው ማትስ ኤክ በ1982 ኩልበርግ ባሌት ለሚባለው የአገሩ የዳንስ ቡድን ሲሠራው ክብደቱን መልሶ አመጣው፦ ባዶ እግር፣ የጎበጠ ጀርባ፣ ወደ መሬት የሚሰምጥ ጉልበት። ሁለተኛው ክፍል የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ሆነ። አክራም ካን በ2016 ለእንግሊሽ ናሽናል ባሌት ጂዜልንና መሰሎቿን ከፋብሪካ የተባረሩ ስደተኛ ሠራተኞች አደረጋቸው። የጣት ጫፍ ጫማን ግን ለዊሊዎቹ አቆየላቸው፤ በእጃቸው ረጅም በትር ይዘው በጣታቸው ጫፍ ሲቆሙ ያው ጫማ የሚያስፈራ ይሆናል። ይህ ምርጫ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ ወጉን ሳይጥል ትርጉሙን ገለበጠው።

ደቡብ አፍሪካዊቷ ዳዳ ማሲሎ በ2017 ከሁሉም ርቃ ሄደች። ሚርታን የባህል ሐኪም፣ ሳንጎማ፣ አደረገቻት፤ ዊሊዎቹም ነጭ ሳይሆን ቀይ ለበሱ፣ ወንዶችም አሉባቸው። የእሷ ጂዜል ይቅር አትልም። አንዳንዶች ይህ የባሌቱን ልብ ያወጣል ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። ይቅርታው ክብደት የሚኖረው እምቢ ማለትም ሲቻል ነው፤ ማሲሎ ያንን መንገድ ከፈተችው።

ለማየት ካሰባችሁ መጀመሪያ ነባሩን፣ ከዚያ ካንን፣ ከዚያ ማሲሎን እዩ። ቲያትር ቤት ገብታችሁ የምታዩ ከሆነ ደግሞ የላይኛውን ፎቅ ምረጡ፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ የረድፎቹ መሻገሪያም በሙሉ የሚታየው ከዚያ ነው።