በር የምታንኳኳው ነርስ፦ የኒው ዮርክ ሕፃናት እና የ1908 በጋ

[ምስል፦ ጠባብ የእንጨት ደረጃ፣ ድንግዝግዝ ብርሃን። የጫማ ድምፅ።]

አንዲት ነርስ ደረጃ እየወጣች ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ቆም ብላ ትንፋሿን ትሰበስብና አንድ በር ታንኳኳለች። አራስ ያለችበት ቤት ነው። በሩን የከፈቱት ሰዎች ዩኒፎርሟን ሲያዩ ይደነግጣሉ። እዚህ ቤት ማንም አልታመመም እኮ!

ነርሷም የመጣችው ለዚሁ ነው። ማንም ስላልታመመ።

ነገሩ ለእኛ ብርቅ ላይሆን ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደብተሯን ይዛ ቤት ለቤት ስትዞር አይተናል። በዚያ ዘመን ግን የከተማው ጤና ቢሮ ሰው በር ካንኳኳ፣ ክፉ በሽታ ገብቷል ማለት ነበር። ደህና ሕፃን ያለበትን ቤት ፈልጎ መሄድ ለማንም አልታየውም።

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምንሄደው ኒው ዮርክ ውስጥ ሎወር ኢስት ሳይድ ወደሚባለው ሰፈር ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በጋ ስልም የእነሱን በጋ ማለቴ ነው። እኛ ዣንጥላ የምንይዝበት ሐምሌና ነሐሴ እዚያ አናት የሚበሳ ሙቀት ነው።

[ምስል፦ የድሮ የመንገድ ፎቶ። ጋሪ፣ ገበያ፣ ሕዝብ።]

ሰፈሩ የስደተኛ ሰፈር ነው። ከኢጣሊያ፣ ከሩሲያ፣ ከፖላንድ በመርከብ የመጣው ሰው ብዙው እዚያ ያርፋል። ዘመድ አለ፣ የአገር ልጅ አለ፣ ሥራው ቅርብ ነው። ቤቱ ነው ችግሩ።

ኦርቻርድ ስትሪት ቁጥር 97 ላይ እስከ ዛሬ የቆመ ሕንፃ አለ። አሁን ሙዚየም ሆኗል። የተሠራው በ1863 ነው። አንድ ቤተሰብ የሚከራየው ሦስት ክፍል ሲሆን፣ ሦስቱም ተደምረው 30 ካሬ ሜትር ገደማ ናቸው። ኪራዩ ሲከብድ ደባል ይጨመራል። ወደ ውጭ የሚያይ መስኮት ያለው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ሽንት ቤቱ ደግሞ ጓሮ ነው። ሌሊት ልጇን ሆዱን ያመመባት እናት ያን ሁሉ ደረጃ በጨለማ ትወርዳለች፣ ወይ ባልዲ ታስቀምጣለች።

በ1901 አዲስ የቤቶች ሕግ ወጣ። ከእንግዲህ የሚሠራ ሕንፃ ለየቤቱ ሽንት ቤት፣ ለየክፍሉ መስኮት ይኑረው አለ። የቆዩትም ሕንፃዎች የጓሮውን ጉድጓድ ዘግተው ሽንት ቤቱን ወደ ውስጥ ያስገቡ ተባለ። አከራዮቹ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሟግተው ተረቱ። ቁጥር 97 በ1905 በየፎቁ ሁለት ሁለት ሽንት ቤት ገባለት። የመስኮቱ ነገር ግን ሁሌም ያስቀኛል። የውስጠኛው ክፍል ወደ ውጭ የሚያይ ግድግዳ የለውም። ታዲያ ምን ይደረግ? በክፍሎቹ መካከል ያለው ግድግዳ ተፈልፍሎ መስኮት ተገጠመ። ከመኝታ ክፍል ወደ ሳሎን የሚያይ መስኮት! ለነገሩ ትንሽ ብርሃንና አየር አቀብሏል፤ ውለታውን አንካድ።

መንገዱ ቀደም ብሎ መጽዳት ጀምሯል። በዚያን ጊዜ በከተማው ከ100,000 በላይ ፈረሶች ነበሩ። የአንዱ የቀን ፋንድያ 10 ኪሎ ገደማ ነው። ማባዛቱን ለእናንተ ልተው። በ1895 የጽዳት ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ጆርጅ ዋሪንግ፣ የመንገድ ጠራጊዎቹን ከላይ እስከ ታች ነጭ አለበሳቸው። ፋንድያ ለሚዝቅ ሰው ነጭ ልብስ! ሰው ሳቀ። በኋላ ግን ነጭ ለባሾቹ የከተማው ኩራት ሆኑ፤ ክምሩም ከመንገድ ተነሣ።

መንገድ ጸዳ፣ ሽንት ቤት ገባ። ሕፃናቱ ግን በጋ በመጣ ቁጥር መሞታቸው ቀጠለ።

[ምስል፦ የወተት ጣሳ ቀረብ ተደርጎ። ዝንብ።]

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። እናት ሥራ ስትሄድ ወይም ጡቷ ሲደርቅ ሕፃኑ የላም ወተት ይጠጣል። ወተቱ ከሩቅ በባቡር ይመጣል። ሱቅ ደርሶ ክዳኑ ከተከፈተ ጣሳ በጭልፋ እየተቀዳ ይሸጣል። በረዶ መግዣ ያለው ጥቂት ሰው ነው። በዚያ ሙቀት ጠዋት የተገዛው ወተት ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆን እናንተም ታውቃላችሁ። ዝንቡ ደግሞ ከፋንድያው ወደ ጣሳው ይመላለሳል። ሕፃኑን ተቅማጥ ይጀምረዋል፣ ሰውነቱ ውኃ ያጣል፣ ዓይኑ ይሰረጉዳል። ከዚያ በኋላ ሐኪም ቢመጣም የሚያደርገው እምብዛም አልነበረውም።

እዚህ ላይ ነው ሣራ ጆሴፊን ቤከር የምትመጣው። ዳንሰኛዋ ጆሴፊን ቤከር አይደለችም፤ ይህችኛዋ ሐኪም ናት። በ16 ዓመቷ አባቷንና ታናሽ ወንድሟን ታይፎይድ ወሰደባት። ያን ጊዜ ሕክምና እማራለሁ ብላ ተነሣች፤ በ1898 ተመረቀች። የግል ክሊኒክ ብትከፍት ገቢው አላወላዳም። በ1901 በወር 30 ዶላር የጤና ቢሮው ተቆጣጣሪ ሆና ተቀጠረች። ቀሚሷ ላይ እንደ ወንድ ኮት፣ ጠንካራ ኮሌታና ክራቫት ታደርግ ነበር። አብረዋት የሚሠሩት ወንዶች ሴት መሆኗን ይርሱት ብላ ነው።

በ1902 በጋ ሥራዋ ሄልስ ኪችን በሚባል ሌላ የድሃ ሰፈር የታመሙ ሕፃናትን መፈለግ ነበር። ደረጃ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። የምታገኛቸው ሕፃናት አብዛኞቹ ያለቀላቸው ናቸው። ከሁሉ የከበዳት የእናቶቹ ዝምታ ነበር። በጋ ሕፃን የሚሞትበት ወቅት ነው፤ ምን ይደረጋል? በቃ፣ እንዲህ ተቀብለውት ነበር። ቤከር ከዚያ የወሰደችው ነገር አንድ ነው። ሕፃኑ ከታመመ በኋላ መድረስ፣ አለመድረስ ነው።

[ምስል፦ የትምህርት ቤት በር።]

መፍትሔው ከነርሶች መጣ። በ1893 ሊሊያን ዋልድ የተባለች ነርስ እዚያው ሎወር ኢስት ሳይድ ገብታ ድሆችን በየቤታቸው ማስታመም ጀምራ ነበር። በ1902 የትምህርት ቤት ጉዳይ ተነሣ። የከተማው ሐኪሞች ተማሪዎችን እየመረመሩ ትራኮማ፣ ቋቁቻ ወይም ቅማል ያለበትን ወደ ቤቱ ይሰዳሉ። ልጁ ወረቀት ይዞ ይሄዳል። ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነው፤ እናቱ አታነበውም። ልጁ ማታ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ይጫወታል። ታዲያ ማባረሩ ምን ፈየደ?

ሊና ሮጀርስ የምትባል ነርስ ለአንድ ወር ሙከራ አራት ትምህርት ቤቶች ተሰጣት። ቁስሉን እዚያው አጠበች፣ ቅባቱን ቀባች፣ ከዚያም ወደ ልጁ ቤት ሄዳ እናቱን አሳየቻት። ሥራው ሲሰፋ የሆነውን ተመልከቱ። በሴፕቴምበር 1902 በበሽታ ምክንያት ከትምህርት ቤት የተባረሩት ተማሪዎች 10,567 ነበሩ። በዓመቱ በዚያው ወር 1,101 ሆኑ።

[ምስል፦ ወደ ደረጃው እንመለስ።]

አሁን ወደ 1908 እንመለስ። በጋ ሲመጣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ የትምህርት ቤት ነርሶችም ሥራ ይፈታሉ። ቤከር 30 ነርሶች ተሰጧት። ሎወር ኢስት ሳይድ ውስጥ ብዙ ኢጣሊያውያን የሚኖሩበት፣ ፀሐይ የማይገባው አንድ ቀጠና መረጠች። ዘዴዋን ልጅ እንኳ ሊያስበው ይችል ነበር፤ ያሰበው ግን አልነበረም። ሕፃን ሲወለድ ይመዘገባል። መዝገቡ ላይ አድራሻ አለ። በየቀኑ የአዲስ ሕፃናት ዝርዝር ይወጣል፣ በማግስቱ ነርስ ደጃፍ ላይ ናት።

ገብታ ምን ታያለች? ሕፃኑን በዚያ ሙቀት ሱፍ በሱፍ ላይ ደራርበው ጠቅልለውታል። መስኮቱ ተዘግቷል። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ብርድ ይመታዋል፣ ንፋስ ያገኘዋል የሚለውን በእያንዳንዱ አራስ ቤት እንሰማዋለን። ነርሷ አትቆጣም። ጥቅልሉን ፈትታ ገንዳ ውስጥ ሕፃኑን ታጥበዋለች፤ እናት እያየች። ስስ ልብስ ታለብሰዋለች። መስኮቱን ትከፍታለች። ጡትሽን አጥቢው፣ ወተት ቤት አታስገቢ ትላለች። ሲመሽ ወደ መናፈሻው አውጪው ትላለች። በሌላ ቀን ተመልሳ ትመጣለች።

መድኃኒት የለም። መርፌ የለም።

በጋው ሲያልቅ ተቆጠረ። በዚያ ቀጠና የሞቱት ሕፃናት ካለፈው ዓመት በጋ በ1,200 አንሰው ተገኙ። በሌላው የከተማው ክፍል ግን ሞቱ እንደወትሮው ነበር።

[ለአፍታ ዝምታ።]

ገና ነሐሴ ሳይወጣ ጤና ቢሮው የሕፃናት ጤና ክፍል አቋቋመ፤ ቤከርም ኃላፊው ሆነች። መንግሥት ለሕፃናት ጤና ብቻ ብሎ ያቋቋመው የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ይህ ነው። ወዲያው ስድስት ሐኪሞች የሥራ መልቀቂያ አስገቡ። ለሴት አንታዘዝም ነው ነገሩ። አንድ ወር ብቻ ታገሡኝ አለቻቸው። ወሩ ሲያልቅ መልቀቁን ተዉት።

ከዚያ በኋላ ከሠራችው ውስጥ እኔ የምወድላት የሰም ክኒን የሚመስለውን ነው። እናት ጨብጥ ካለባት ሕፃኑ ሲወለድ ዓይኑ ይያዛል፣ ሊታወርም ይችላል። መከላከያው የሲልቨር ናይትሬት ጠብታ ነበር። ጣጣው ጠርሙሱ ላይ ነው። አዋላጇ ጠርሙሱን ይዛ ስትዞር ውኃው ይተንናል፣ መድኃኒቱ ይጠነክራል፤ ዓይን ሊያድን የመጣው ዓይን ያቃጥላል። ቤከር ለአንድ ዓይን የሚበቃውን ጠብታ በንብ ሰም አሸገችው። አንድ ለቀኝ፣ አንድ ለግራ። አይበዛም፣ አይቆሽሽም። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ የሚታወሩ ሕፃናት በዓመት ከ300 ወደ 3 እንደወረዱ ይጠቀሳል። ዛሬ አገራችን ውስጥ ጤና ጣቢያ ለተወለደ ሕፃን ዓይን የሚቀባው የቴትራሳይክሊን ቅባት የዚያው ሐሳብ ልጅ ነው።

ሌላው ትንንሾቹ እናቶች ናቸው። እናት ሥራ ስትውል ሕፃኑን የሚይዙት ታላላቅ እህቶቹ ነበሩ። ወንድሟን ታቅፋ ሱዚ የምትጫወት ልጅ አስቡ። ቤከር ልጆቹን አትያዙ አላለችም። ዕድሜያቸው 12 የሞላ ልጃገረዶችን በየትምህርት ቤቱ በማኅበር አደራጅታ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ምን እንደሚጠጣ አስተማረቻቸው። እነሱ ደግሞ ቤት ሄደው እናቶቻቸውን፣ ከዚያም ጎረቤቱን አስተማሩ።

[ምስል፦ በጭጋግ ውስጥ ያለች ትንሽ ደሴት።]

ሁሉ በር ግን በፈገግታ አልተከፈተም። በ1907 ቤከር ሌላ በር እንድታንኳኳ ተላከች። ሜሪ ማሎን የተባለች ወጥ ቤት ነበረች። በሠራችባቸው ቤቶች ሁሉ ታይፎይድ ይከተላል፤ እሷን ግን አያማትም። ቤከርን ስታይ ትልቅ የወጥ ቤት ሹካ መዝዛ ተነሣች። ከዚያ ጠፋች። ፖሊሶች ለሰዓታት ፈለጓት። በመጨረሻ ደጅ፣ ከደረጃ ሥር ባለች ቁም ሣጥን መሰል ክፍል መዝጊያ ላይ የቀሚስ ቁራጭ ተይዞ ታየ። በአምቡላንስ ሲወስዷት ቤከር መንገዱን ሙሉ በላይዋ ላይ ቁጭ ብላ ነበር።

ሜሪን ደሴት ላይ አስቀመጧት። በ1910 ምግብ እንዳትሠራ አስምለው ለቀቋት፤ የተሰጣት የልብስ አጣቢነት ሥራ ግን እንደ ወጥ ቤት አይከፍልም። ስሟን ቀይራ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። በ1915 አንድ የማዋለጃ ሆስፒታል ውስጥ 25 ሰው ታመመ፣ ሁለቱ ሞቱ። ወጥ ቤቷ ሜሪ ነበረች። እስክትሞት፣ እስከ 1938 ድረስ ከደሴቱ አልወጣችም። ጥፋቷን አልሸፍንም። ግን ጤነኛ ነኝ ብላ የምታምንን ሰው እንጀራ ነጥቆ፣ ባህሪዋን ብቻ መውቀስ አይዋጥልኝም። ለአራሷ የተሰጠው ትዕግሥት ለሜሪ አልተሰጠም።

[ምስል፦ የሕፃናት ጤና ጣቢያ። እናቶች ተሰልፈው፣ ሚዛን።]

የቤከር ሥራ ወደ ሌሎቹ ሰፈሮች ተስፋፋ። እናቶች ሕፃን የሚያስመዝኑበት፣ ንጹሕ ወተት የሚያገኙበት ጣቢያ በየአካባቢው ተከፈተ። ቀጥሎ ብሩክሊን ያሉ ከ30 በላይ ሐኪሞች ተፈራርመው ለከንቲባው አቤቱታ አስገቡ። ይዘቱ፣ ጣቢያዎቹ ሕፃናቱን በደህና ስለሚያኖሯቸው የሕክምና ሥራችን እየሞተ ነው፤ የሕፃናት ጤና ክፍሉ ይዘጋልን የሚል ነበር።

ወረቀቱ ቤከር ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ክፍሉ ከተቋቋመ ጀምሮ የደረሰን የመጀመሪያው እውነተኛ ምስጋና ይህ ነው ብላ ጽፋበት መለሰችው።

ጣቢያዎቹ አልተዘጉም።