ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማወራውም ስለ ሻወር ነው። በኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ አዲስ ሻወር በራስ እጅ መግጠም።

ገበያ የወጣ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው የሚያብረቀርቀው ሚክሰር፣ ማለትም ሙቅና ቀዝቃዛ ውኃ የሚቀላቅለው ቧንቧ ላይ ነው። ሥራው የሚበላሸው ግን እዚያ አይደለም። ሚክሰር ቢበላሽ በግማሽ ሰዓት ይቀየራል። ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ የሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ ግን ሴራሚክ ያስፈርሳል፤ ከሥር ካለው ጎረቤትም ያጣላል።

ልኩን እንይ። ሚክሰሩ ሁለት መግቢያ አለው፤ ከመሃል እስከ መሃል 15 ሴንቲሜትር። ሙቁ በግራ፣ ቀዝቃዛው በቀኝ። ከፍታው ከወለል 1 ሜትር ከ10 ገደማ፣ የሻወሩ ራስ ደግሞ 2 ሜትር ከ10። ወለል ስል ሴራሚክ የለበሰውን እንጂ ባዶውን ሊሾ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚስተው ጥልቀቱን ነው። ግድግዳው ውስጥ የሚቀበረው የክርኑ (የቱቦው መታጠፊያ) አፍ ካለቀለት ሴራሚክ ፊት ጋር እኩል መሆን አለበት። ልስኑ፣ ማጣበቂያውና ሴራሚኩ ተደምረው ከብሎኬቱ ላይ 3 ሴንቲሜትር ያህል ይወስዳሉ። ይህን ሳያስቡ ከቀበሩት አፉ ወደ ውስጥ ይሰምጥና ሚክሰሩን ከክርኑ ጋር የሚያያይዘው ማገናኛ አይደርስም። ወደ ውጭ ከወጣ ደግሞ ክቡ መሸፈኛ ግድግዳውን አይነካም። ሁለቱን አፎች በውኃ ልክ አስተካክሉ። ኤስ ቅርጽ ያለው ማገናኛ ጥቂት ሚሊሜትር ስህተት ያርማል፤ ከዚያ በላይ ተአምር አትጠብቁበት።

ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ሲበየድ መበየጃ ማሽኑ 260 ዲግሪ መድረስ አለበት። ባለ 20 ሚሊሜትሩ 5 ሴኮንድ፣ ባለ 25ቱ 7 ሴኮንድ ይሞቃል። ከዚያ ሳያጠማዝዙ ቀጥ አድርጎ መክተት፣ ሁለት ደቂቃ ሳይነኩ መተው። «በደንብ ይያያዝ» ብሎ አብዝቶ ማሞቅ የተለመደ ጥፋት ነው፤ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተገፍቶ የቱቦውን ቀዳዳ ያጠብባል። በኋላ «ውኃው ቀጠነ» እየተባለ የሚታማው ሚክሰሩ ነው!

አሁን ሁለቱን አፎች በታፓ (በመድፈኛ) ዝጉ፣ ውኃውን ክፈቱ፣ አንድ ሌሊት ይደር። የግፊት መሞከሪያ ፓምፕ የሚከራይ ካገኛችሁ ደግሞ ቱቦው በሥራ ላይ ከሚሸከመው ግፊት አንድ ጊዜ ተኩል አድርጋችሁ ፈትኑት። ልስን የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለሴራሚክ ሠሪው ቀጠሮ ስለተያዘ ብቻ ይህ ሌሊት ሲዘለል አይገባኝም።

ሴራሚኩ አልቆ ሚክሰሩ ሊገባ ሲል ታፓውን ፈትታችሁ ውኃውን ለአፍታ በባልዲ ልቀቁ። በፈረቃ የሚመጣ ውኃ ዝቃጭ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የተቆረጠ ፕላስቲክ ፍርፋሪም ይኖራል። አሸዋ የሚክሰሩን ካርትሪጅ፣ ማለትም ውስጡ ሆኖ ውኃውን የሚከፍትና የሚዘጋውን ክፍል ከፈገፈገው እጀታው ተዘግቶም ያንጠባጥባል።

የማገናኛው ጥርስ ላይ ቴፍሎን (ውኃ እንዳያሾልክ የሚጠመጠመውን ስስ ጥብጣብ) በሚጠብቅበት አቅጣጫ ከ10 እስከ 15 ዙር ጠምጥሙ። ካጠበቃችሁት በኋላ «ትንሽ አለፈ» ብላችሁ ወደ ኋላ አትመልሱት፤ ቴፍሎኑ ይቀደዳል። ፈትቶ እንደገና መጠምጠም ነው። በኃይል ማጥበቅም አይበጅም፤ ነሐሱን የያዘው ፕላስቲክ ይሰነጠቃል። የሚክሰሩ ሁለት ትላልቅ ዳዶዎች ግን ቴፍሎን አይፈልጉም፤ የሚያሽገው የጎማ ዋሸሩ ነው። በእጅ አጥብቁ፣ ከዚያ በጨርቅ ሸፍናችሁ በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ።

ስለ ግፊት አንድ ነገር። ሮቶው ከሻወሩ ራስ 3 ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ የሚሰጣችሁ 0.3 ባር ብቻ ነው። ያ ሰፊ ዝናባማ ራስ ፓምፕ ከሌለ ዝም ብሎ ይንጠባጠባል። ለእንዲህ ያለ ቤት ትንሹ የእጅ ሻወር ይሻላል፤ ዋጋውም ቀላል ነው።

በመጨረሻ ዋናውን ቫልቭ በዝግታ ክፈቱና በየዳዶው ሥር ደረቅ ሶፍት ጠምጥሙ። ዓይን የማያየውን ጠብታ ሶፍት ያሳያል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከረጠበ ውኃውን ዝጉና ፈትታችሁ ዋሸሩን እዩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ተጣሞ የተቀመጠ ነው።