ሲሚንቶ ላይ አታንበርክኩት፦ የሆኪ በረኞች አሰልጣኝ ለአድማጮች ጥያቄ የሰጠው መልስ

እዚህ ሚኒሶታ በአንድ ኮሌጅ የበረዶ ሆኪ ቡድን ውስጥ በረኞችን አሠለጥናለሁ። አዲስ አበባ እያለሁ የሰፈር ኳስ በረኛ ነበርኩ። በ11 ዓመቴ እዚህ መጣሁ፤ ክረምቱ አላልቅ ሲለኝ በረዶ ላይ ወጣሁ፤ በዚያው ቀረሁ። ባለፈው ቅዳሜ በአማርኛው የሬዲዮ ዝግጅት መስመሩ ክፍት ሲሆን ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ሰዓቱ ስላልበቃ ጥያቄዎቻችሁን ከነመልሳቸው እዚህ አስቀምጫለሁ። አንዳንዱ ነገር ተደጋገመ ካላችሁ፣ ሆን ብዬ ነው።

ልጄ 12 ዓመቱ ነው፤ ኳስ ላይ ጎበዝ በረኛ ነበር። አሁን የሆኪ በረኛ ልሁን ይላል። ያው አይደለም እንዴ? (አባት፣ ከሴንት ፖል)

የሚመሳሰለው ስሙ ብቻ ነው፣ ወንድሜ። የእግር ኳስ ጎል 7.32 ሜትር በ2.44 ነው። የሆኪው 1.83 በ1.22። ስምንት እጥፍ ያንሳል። የኳስ በረኛ ይወረወራል። የሆኪ በረኛ ቦታውን ይዞ ይጠብቃል። ፓኳ፣ በኳስ ፈንታ በዱላ የምትመታው፣ 170 ግራም የምትመዝን ድርቅ ያለች ጎማ ናት፤ እንዳትነጥር ከጨዋታ በፊት ፍሪዘር ውስጥ ታድራለች። ኮሌጅ ውስጥ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር የሚለቃት ልጅ ብርቅ አይደለም። ከ10 ሜትር ከመታት ያለህ ሩብ ሰከንድ ነው። በሩብ ሰከንድ ምንም አትዘልም። ቀድመህ እዚያ መገኘት አለብህ።

አዲስ ልጅ ሲመጣልኝ ሁለት ገመድ ይዤ እወጣለሁ። አንዱን ግራ ቋሚ ላይ፣ ሌላውን ቀኝ ቋሚ ላይ አስራለሁ። ጫፎቻቸውን ሰብስቤ 5 ሜትር ርቄ ፓኳ ጋ እቀመጣለሁ። በረኛው በሁለቱ ገመድ መሃል ይቆማል። መጀመሪያ ጎሉ መስመር ላይ እንዲለጠፍ አደርገዋለሁ። ገመዶቹ በግራም በቀኝም ከእጁ ርቀው ይታያሉ፤ ያ ሁሉ ባዶ ጎል ነው። «አንድ ሜትር ተኩል ውጣ» እለዋለሁ። ይወጣል። ገመዶቹ ሁለቱን ጓንቶቹን ይነኩታል። አልዘለለም፣ አልተወረወረም፣ ጎሉ ግን ጠበበ። አብዛኛው ልጅ እዚህ ላይ ሳቅ ይላል። ከዚያ «በል ውደቅ» እለዋለሁ። በጉልበቱ ሲወርድ ከትከሻው በላይ ያለው በሙሉ ይከፈታል። የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው፦ ቁም። ፓኳ እስክትመታ ድረስ ቁም።

ልጄ ግራኝ ነው። ጓንቱን በየትኛው እጁ ያድርግ?

ቤዝቦል ሲጫወት በሚቀልብበት እጁ። ሱቅ ሄዳችሁ በየትኛው እጁ እንደሚቀልብ ንገሯቸው፤ ያውቁታል።

የበረኛ የበረዶ ጫማ (ስኬት) ስለቱ በስንት ጊዜ ይሳላል?

ልጁ ወደ ጎን ሲገፋ እግሩ ከከዳው ያን ቀን። ስትሰጡ ግን የበረኛ መሆኑን ተናገሩ።

ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ቪዲዮ አይተን ጋራዥ ውስጥ በቀን 200 ጊዜ በተርፍላይ ይሠራል። ጉልበቱ መሬት ደህና እንዲነካ ከኋላ እጫነዋለሁ። ሰሞኑን ብሽሽቴን አለ። ወጌሻ ጋ ወስጄ አሳሸሁት፣ ትንሽ ተሻለው። ከጨዋታ በፊት ማስታገሻ እሰጠዋለሁ። ሌላ ምን ልጨምርለት? (አባት፣ ከብሩክሊን ፓርክ)

ምንም አይጨምሩ። ያቁሙ። ዛሬ ማታም እንዳይሠራ።

አልቆጣም፣ ጋሼ። ለልጅዎ ብለው ነው። ግን ይህን ጥያቄ በየዓመቱ እሰማዋለሁ፤ ቃሉ እንኳን አይለወጥም። ጋራዥ፣ ሲሚንቶ፣ 200 ጊዜ።

በተርፍላይ ማለት በረኛው በሁለት ጉልበቱ ወርዶ፣ ጉልበቶቹን ገጥሞ፣ እግሮቹን ወደ ግራና ቀኝ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የሚዘረጋበት አቀማመጥ ነው። የታችኛውን ጎል ይዘጋል፤ ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም አስተምረዋለሁ። ግን ጉልበቱን አይታችሁ አትታለሉ፤ የሚሠራው ዳሌው ነው። የጭን አጥንት አናቱ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ ዳሌ ውስጥ ባለው ጎድጓዳ ይሽከረከራል። እግር ወደ ውጭ ተዘርግቶ ጭን ወደ ውስጥ ሲጠመዘዝ የዚያ አጥንት አንገት ከጎድጓዳው ጠርዝ ጋር ይጋጫል። አንዴ ቢጋጭ ምንም አይደለም። በቀን 200 ጊዜ፣ በሳምንት 1400 ጊዜ ቢጋጭስ? የ13 ዓመት ልጅ አጥንቱ ገና እያደገ ነው። ደጋግሞ የተመታ አጥንት እዚያው ላይ ጉብታ ያበቅላል። ጉብታው ደግሞ ጎድጓዳውን የከበበውን ልስልስ ጠርዝ እየፋቀ ይቀደዋል። የኮሌጅ በረኞች ሆነው ሲመጡልኝ የዳሌ ራጅ የሌለው ልጅ ማግኘት ያስቸግረኛል።

ከኋላ መጫኑ ደግሞ ይባስ። የአንዱ ልጅ ጉልበት መሬት የሚነካው፣ የሌላው የማይነካው፣ አጥንታቸው ሲፈጠር ቅርጹ ስለሚለያይ ነው። በስፖርት አይመጣም፣ በጭነትም አይመጣም። በርን ከማጠፊያው በላይ ቢገፉት አይከፈትም፤ ማጠፊያው ይነቀላል።

እኔ ሁለቱም ዳሌዬ ቀዶ ጥገና ተደርጓል። በልጅነቴ የነበረኝ አሰልጣኝ ልክ እንደ እርስዎ ይወደኝ ነበር። ከልምምድ በኋላ ልብስ መቀየሪያው ኮሪደር ላይ፣ በባዶ ሲሚንቶ፣ ያስወድቀኝ ነበር። ዛሬ ካልሲ ለማድረግ አልጋ ላይ እጋደማለሁ። የጫማዬን ክር ባለቤቴ እየሳቀች ታስርልኛለች።

ወጌሻውን በተመለከተ። ወጌሻ አልንቅም፤ የወለቀ ጣት ሲመልሱ አይቻለሁ። ግን ዳሌ ጥልቅ ነው፤ የማንም እጅ አይደርስበትም። በዚህ ዕድሜ ደግሞ አንድ ክፉ ነገር አለ፦ የጭኑ ኳስ ከአንገቱ ላይ፣ አጥንቱ በሚያድግበት ቦታ፣ ሊንሸራተት ይችላል። ያ ሆኖ ሳለ ማሸትና መጎተት የባሰ ያንሸራትተዋል። ተንኮሉ፣ ብዙ ጊዜ ዳሌውን አያምም። ጭኑን ወይም ጉልበቱን ነው የሚያመው። ስለዚህ ስሙኝ፣ ወላጆች፦ እያደገ ያለ ልጅ ብሽሽቱን፣ ጭኑን ወይም ጉልበቱን አሞት ካነከሰ ያኑ ቀን ሆስፒታል ነው። ጠዋት አይባልም። «ጉልበቱን አሞታል፤ ዳሌውንም እዩልኝ» በሉ።

ማስታገሻውም ይቅር። ሕመሙ ደወል ነው። እርስዎ ደወሉን ዘግተው ቤቱ ይቃጠላል። እኔ ጋ ለመጫወት ብሎ ክኒን የዋጠ በረኛ ያን ቀን አይሰለፍም፤ ልጆቼ ያውቁታል።

እና ምን ይሥራ? የስፖርት ሕክምና የሚያውቅ የአጥንት ሐኪም ይየው፤ ራጅ ይነሳ። ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ቴኒስ ኳስ ግድግዳ ላይ እየወረወረ ይቅለብ፣ ቆሞ። በጋ ላይ ፓዱን (የእግር መከላከያውን) አንሥታችሁ ደብቁት። ኳስ ይጫወት፣ ይዋኝ፣ ይሩጥ። ዓመቱን ሙሉ በረኛ የሆነ ልጅ ኮሌጅ ሲደርስ ያረጀ ነው። እኔ በልምምድ ላይ በረኞቼ ስንት ጊዜ እንደወደቁ አስቆጥራለሁ። ሲበዛ ቀሪውን ሰዓት ቆመው ነው የሚሠሩት።

ልጄ ኮሌጅ ውስጥ በረኛ ነው። ፓኳ ማስኩ ላይ መታችው። ከዚያ ወዲህ ራሱን ያመዋል፣ ብርሃን ይጠላል። «ለአሰልጣኙ እንዳትናገሪ፣ ቦታዬን ይወስዱብኛል» አለኝ። (እናት)

ይናገሩ፣ እናቴ። ዛሬውኑ። ይህ ኮንከሽን ሊሆን ይችላል፤ የአንጎል መናወጥ ማለት ነው። በኮሌጅ ስፖርት ሕግ የተጠረጠረ ተጫዋች ወዲያው ይወጣል፣ ኮንከሽን ከተባለ ያን ቀን አይመለስም፤ የሚመልሰውም ሐኪም እንጂ አሰልጣኝ አይደለም። ሁለተኛው ምት መጀመሪያው ሳይድን ከመጣ አስፈሪ ነው። ቦታውን ሊወስዱበት ይችላሉ፤ አልዋሽዎትም። አንጎሉን ግን ማንም አይተካለትም። ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ቢያስመልሰው ወይም ንግግሩ ቢንተባተብ ቀጥታ 911።

ልጄ 14 ነው፤ በጣም ጎበዝ በረኛ ነው። ስኮላርሺፕ መቼ ይመጣለታል?

ልንገራችሁ፣ ግን አትዘኑ። በወንዶች አንደኛው ዲቪዚዮን፣ ማለትም በኮሌጅ ሆኪ ከፍተኛው ደረጃ፣ ከ60 የሚበልጡ ኮሌጆች አሉ። አንድ ቡድን ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ሦስት በረኛ ነው፤ ከሦስቱ የሚጫወተው አንድ። ከ2025 ወዲህ ስለ ተጫዋች ቁጥርና ስኮላርሺፕ የወጣውን አዲስ አሠራር የተቀበሉ ኮሌጆች እስከ 26 ተጫዋች ይይዛሉ፤ ለሁሉም ስኮላርሺፕ መስጠት ይችላሉ፣ ግዴታ ግን የለባቸውም። በዚያው ዓመት በካናዳ ትልልቅ የወጣት ሊጎች የተጫወቱ ልጆችም ኮሌጅ እንዲገቡ ተፈቀደ። ስለዚህ የእናንተ ልጅ የሚፎካከረው ከ18 ዓመት ልጅ ጋር ብቻ አይደለም፤ ጢም ካበቀለ የ20 ዓመት ጎረምሳ ጋር ነው። በረኛ ዘግይቶ ነው የሚበስለው፤ አታጣድፉት።

ሦስተኛው ዲቪዚዮንና አይቪ ሊግ (እነ ሃርቫርድና ኮርኔል) በስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ በቤተሰብ አቅም ታይቶ የሚሰጥ ድጋፍ ግን አለ። ስለዚህ ውጤት፣ ውጤት፣ ውጤት። ለአንደኛው ዲቪዚዮን 16 ዋና ዋና ትምህርቶች ላይ ቢያንስ 2.3 አማካይ ነጥብ ይጠበቅበታል፤ ይህ ወለሉ ነው። ኬን ድራይደን ኮርኔል ተምሮ በረኛ ሆኖ ነው ለሞንትሪያል ቡድን የሰሜን አሜሪካን ትልቁን የሆኪ ዋንጫ 6 ጊዜ ያነሣው፤ በመሃል አንድ የውድድር ዘመን ትቶ የሕግ ሥራውን ሊለማመድ ሄዷል። ይህን ለልጃችሁ ንገሩት። ጋራዥ ውስጥ ከማንበርከክ ይሻላል።

ሴት ልጄ ከወንዶች ጋር በረኛ ሆና ትጫወታለች። ዘመድ አዝማድ «ነውር ነው» ይላል።

ማዲ ሩኒ እዚሁ አንዶቨር ሃይስኩል ከወንዶች ጋር በረኛ ነበረች። ከዚያ ዱሉዝ ኮሌጅ ገባች። በ2018 ኦሎምፒክ ፍጻሜ በ20 ዓመቷ የካናዳን የመጨረሻ ምት አድና ለአሜሪካ ወርቅ አመጣች። ዘመዶችዎን ቡና ጠርተው ያንን ምት ያሳዩአቸው።

ዕቃው ውድ ነው። ያገለገለ መግዛት ይቻላል?

ፓድ፣ ጓንት፣ ዱላ፣ አዎ። ማስክ፣ አይቻልም። ውስጡ የተሰነጠቀ ማስክ ከውጭ አያስታውቅም። አንገት ላይም አትቆጥቡ። በጥቅምት 2023 አዳም ጆንሰን፣ ዱሉዝ ኮሌጅ የተጫወተ ልጅ፣ እንግሊዝ ሼፊልድ ውስጥ በስኬት ስለት አንገቱ ተቆርጦ ሞተ። በረኛው ክሊንት ማላርቹክም በ1989 ቡፋሎ ውስጥ እንዲያው ተቆርጦ ለጥቂት ተርፏል። ከነሐሴ 2024 ጀምሮ በአሜሪካ የልጆች ሆኪ ስለት የሚችል የአንገት መከላከያ ግዴታ ነው፣ በልምምድም በጨዋታም። ማስኩ ሥር የሚንጠለጠለው ፕላስቲክ ፓክ እንጂ ስለት አይመልስም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ልጄ ሁዳዴን ይጾማል። ትልልቆቹ ጨዋታዎች ደግሞ መጋቢት ላይ ናቸው። ምን ይብላ?

ይህ ጥያቄ ደስ ይለኛል፤ እኔም ታግዬበታለሁ። ሽሮ፣ ምስር፣ ሩዝ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ በዳቦ። በሶ በጥብጣችሁ በጠርሙስ ስጡት፤ ጓደኞቹ «ምንድነው ይሄ?» ይበሉት እንጂ የኃይል መጠጥ ብለው ከሚገዙት አያንስም። ችግሩ ውኃው ነው። በረኛ በአንድ ጨዋታ ያን ሁሉ ዕቃ ለብሶ ሁለት ኪሎ ላብ ሊያጣ ይችላል። በደረቁ ጨዋታ አይገባም፤ እኔ አላስገባም። ሰዓቱን ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር፤ ምግቡን ደግሞ ከቡድኑ የሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር። እኔ የሁለቱንም ሥራ አልሠራም።

ሦስተኛ በረኛ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ደቂቃ አልተጫወትኩም። ልተወው? (ተማሪ)

አጥቂዎቹ ከልምምድ በኋላ «ትንሽ ቆይልን» እያሉ መቶ መቶ ምት ይመቱብሃል፣ አይደል? አንተም እምቢ ማለት ታፍራለህ። አትፈር። 20 ምት፣ ቆመህ፣ ከዚያ «ደህና እደሩ»። ዳሌህ ላንተ ነው እንጂ ለእነሱ መለማመጃ አልተሰጠም። ስለመተዉ፦ ዲግሪህ መቼ እንደሚያልቅ መጀመሪያ ቁጠር። ከዚያ አሰልጣኝህን ፊት ለፊት «በሚቀጥለው ዓመት እኔን የት ነው የምታየኝ?» በለው። መልሱን ካንከባለለ መልስ ሰጥቶሃል። ሌላ ኮሌጅ መዛወር ዛሬ እንደ ድሮው አስቸጋሪ አይደለም።

0.900 የሚሉት ቁጥር ምንድነው?

30 ተመቶበት 27 አዳነ ማለት ነው። ኮሌጅ ላይ ከዚያ ከፍ ካለ ደህና ነው። የ9 ዓመት ልጅ ላይ ግን አትቁጠሩ፣ እባካችሁ።

ጋሼ፣ እኔ 9 ዓመቴ ነው። ፓኳን እፈራታለሁ። ዓይኔን እጨፍናለሁ። (ትንሽ ልጅ፣ ራሱ ደውሎ)

ጎበዝ፣ ራስህ ደወልክ። ስማኝ፣ ሁሉም በረኛ ይፈራል። ድሮ ትልልቆቹ ያለ ማስክ ነበር የሚጫወቱት። ዣክ ፕላንት የሚባል በረኛ በ1959 ኒውዮርክ ላይ ፊቱን ተመትቶ፣ ተሰፍቶ፣ «ማስኬን ካላደረግሁ አልመለስም» አለ። ስለዚህ መፍራት ነውር አይደለም። አንተ ደግሞ ማስክ አለህ።

ዓይንህ እንዳይጨፈን እንዲህ አድርግ። አባዬ በቴኒስ ኳስ ቀስ ብሎ ይወርውርልህ። ኳሷ ላይ በስክሪብቶ ቁጥር ይጻፍባት። አንተ ከመቅለብህ በፊት ቁጥሩን ጮክ ብለህ ጥራ። ቁጥሩን የሚያይ ዓይን አይጨፍንም። ቆመህ ነው ታዲያ፣ እሺ?

እሺ አልክ? «በጉልበቴ ነው የምንሠራው»? የት ነው የምትሠሩት? ጋራዥ? ወለሉ ምንድነው፣ ምንጣፍ አለው? ... ሲሚንቶ።

እስቲ አባዬን አቅርብልኝ።