መሃል ሲዝን ላይ የመጣ ሰው ስንት ይክፈል?

እንደምን አመሻችሁ ወንድሞችና እህቶች። በዚህ በረዶ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልን። ምግቡ እየሞቀ ነው፤ ሽታው እኔንም እየረበሸኝ ስለሆነ ብዙ አላስረዝምም። አምና አሥር ደቂቃ ብዬ ጀምሬ አርባ ደቂቃ እንደፈጀሁ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። ዘንድሮ ሰዓቱን የያዘችው እሷ ናት።

የሂሳቡን ሪፖርት ገንዘብ ያዣችን ያቀርባል። የጨዋታ ፕሮግራሙን ጸሐፊያችን ትነግራችኋለች። እኔ ይዤ የመጣሁት አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ከኖቬምበር ጀምሮ ቴሌግራም ላይ ስንጨቃጨቅበት የከረምነውን። መሃል ሲዝን ላይ ወደ ጎልፍ ክበባችን የሚገባ አዲስ አባል ስንት ይክፈል?

ከየት እንደተነሳ ላስታውሳችሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ኦገስት መጨረሻ ላይ አንድ ወንድማችን ተቀላቀለን። ያኔ ደንባችን ቀላል ነበር፤ መቼም ግባ መቼ 240 ዶላር ትከፍላለህ፣ አለቀ። ከጨዋታ በኋላ ፓርኪንግ ላይ ቆመን ገንዘብ ያዣችን ደረሰኙን የመኪናው ኮፈን ላይ አስደግፎ ጻፈለት። ልጁ ደረሰኙን አየና «ለዓመቱ ነው?» አለ። «አዎ፣ ለዓመቱ።» «ለየትኛው? ለኛ ነው ለፈረንጆቹ?» ሁላችንም ሳቅን። እንቁጣጣሽ ሊደርስ ሁለት ሳምንት እንኳን አልቀረውም ነበርና በኛ አቆጣጠር ዓመቱ ማለቂያው ላይ ነበር፤ በነሱም ቢሆን የቀረው አራት ወር ብቻ ነው። እሱም አብሮን ሳቀና ከፈለ። ሴፕቴምበር ላይ አንድ ቀን፣ ኦክቶበር ላይ አንድ ቀን ተጫወተ። በዓመቱ ስንደውልለት ስልክ አያነሳም። በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ ስገዛ ድንገት አገኘሁትና ምነው ጠፋህ አልኩት። «ሥራ በዛብኝ ጋሼ» አለኝ። ሥራ በዛብኝ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እናውቃለን አይደል?

ለሁለት ቀን ጨዋታ 240 ዶላር፣ ግሪን ፊውን፣ የሜዳውን መጫወቻ ክፍያ፣ ሳንቆጥር። እኔም ብሆን ሥራ ይበዛብኝ ነበር።

ከዚያ አምና ቸኩለን አስተካከልነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝና። ከጁላይ 1 በኋላ የገባ ግማሽ ይክፈል አልን። ምን ሆነ? ሜይ ላይ ሊመዘገቡ የመጡ ሦስት ሰዎች ደንቡን ሰምተው «እሺ፣ ጁላይ ላይ እንመለሳለን» ብለው ሄዱ። ምን ያድርጉ? ጁን 30 የመጣ 240፣ በማግስቱ የመጣ 120። አንድ ሌሊት 120 ዶላር ካወጣ ማንም ያድራል። አንደኛው ብቻ ነው የተመለሰው።

በዚያ ላይ የዋንጫው ነገር መጣ። ሴፕቴምበር ላይ ግማሽ ከፍሎ የገባው ወንድማችን ኦክቶበር ላይ የመዝጊያውን ዋንጫ ወሰደ። እዚህ ተቀምጦ እየሳቀ ነው፣ አየሁህ። በዚያው ማታ ግሩፑ ላይ «ግማሽ ከፍሎ ሙሉ ዋንጫ» የሚል መልእክት ተለጠፈ። ማን እንደለጠፈው አልናገርም፤ እሱም እየሳቀ ነው።

ስንከራከር ብዙዎቻችሁ እቁብን አነሳችሁ። እቁብ መሃል ላይ የሚገባ ያለፈውን ሁሉ ከፍሎ ነው፣ ታዲያ ጎልፉ ምን ለየው ብላችሁ። ግን እቁብተኛው ያለፈውን የሚከፍለው ዕጣው ሲወጣለት የሚያነሳው ሙሉውን ብር ስለሆነ ነው። ኦገስት ላይ ለሚገባ ሰው ያለፈውን ኤፕሪል ማን ይመልስለታል?

ሌሎቻችሁ ደግሞ እድርን አነሳችሁ። እድር መግቢያ ያስከፍላል፣ ያውም በየዓመቱ እየጨመረ። ትክክል ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ አንተ ከመምጣትህ በፊት በሌሎች ገንዘብ የተገዛ ነው፣ ነገ ሐዘን ቢደርስብህ ላንተም ይተከላል። እኛስ ምን ንብረት አለን? አንድ ባነር፣ ሁለት ኩለር፣ ማን ቤት እንዳለ የማይታወቅ አንድ ድምፅ ማጉያ። ለነዚህ መግቢያ ማስከፈል ያሳፍራል። ድምፅ ማጉያውን ያያችሁ ግን ንገሩኝ።

ስለዚህ ቁጭ ብዬ ብሩ የት እንደሚሄድ አየሁ። 240ው ሁለት ነገር ነው። 40ው ለሃንዲካፕ ምዝገባ ይወጣል፤ ሃንዲካፕ የሰውን ችሎታ የሚለካው፣ ለደካማው ብዙ ምት የሚቀንስለት ቁጥር ነው። ምዝገባውን ለሰውየው ብለን ለዓመት የምንከፍለው ነው፤ ማርች ላይ ገባ ኦክቶበር አይቀነስልንም። የቀረው 200 ከማርች እስከ ኦክቶበር በወር አንድ ጊዜ ለምንጫወታቸው 8 ቀኖች ነው፦ ለቲ ታይም (ለመነሻ ሰዓት) መያዣ፣ ለሽልማት፣ ለምሳ። ለአንድ ቀን 25 ዶላር ይደርሳል።

ከዚህ በኋላ ስሌቱ ለልጅ የሚሰጥ ነው። አዲስ የገባ ሰው 40ውን ሙሉ ይክፈል፣ በዚያ ላይ በቀረው የጨዋታ ቀን ልክ 25፣ 25። ሜይን ተጫውተን ስንጨርስ የመጣ አምስት ቀን ይቀረዋልና 165። ጁላይ 1 የመጣ 140። ለኦክቶበሯ ብቻ የደረሰ 65። ያ የኦገስቱ ልጅ በዚህ ስሌት 90 ዶላር ነበር የሚከፍለው። 150 ዶላር ትርፍ ወስደንበታል ማለት ነው። ባለ ዋንጫውም እንደዚሁ 90 ነበር የሚደርስበት፣ የከፈለው ግን 120 ነው። ግማሽ ከፍሎ ሙሉ ዋንጫ ወሰደ የተባለው ሰው 30 ዶላር አትርፎልናል። (አትሳቅ፣ አንመልስልህም።)

ለምን በወር አናካፍለውም ያላችሁኝ አላችሁ። ለ12 ማካፈል ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ግን እዚህ አገር ወሮች እኩል አይደሉም። ሜሪላንድ ውስጥ ለሃንዲካፕ ውጤት የሚመዘገበው ከማርች 15 እስከ ኖቬምበር 14 ነው፤ ከዚያ ውጭ ብትጫወት ለራስህ ነው። እስቲ በመስኮቱ ውጭውን እዩት። ይሄ ወር ከጁን እኩል ይቆጠር? ያ የኦገስት ልጅ በ12 ቢካፈልለት አራት ወር ቀርቶታል ተብሎ 80 ዶላር ይመጣል፤ 40ው ለሃንዲካፑ ሲወጣ ለሁለት የጨዋታ ቀን 40 ብቻ ይቀራል። ጉድለቱን ማን ይሞላል? ከማርች ጀምሮ የከፈላችሁት እናንተ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። ያነሱት አንድ ታላቃችን ናቸው፤ ጥያቄው ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል። እሳቸው በየዓመቱ ሙሉ ይከፍላሉ። አምና ግን እናታቸውን ሊያስታምሙ አዲስ አበባ ሄደው ሦስት የጨዋታ ቀን አመለጣቸው። «አዲሱ ላልተጫወተበት ካልከፈለ እኔስ ላልተጫወትኩበት ለምን እከፍላለሁ?» አሉኝ። መልስ አጥቼ «እስቲ ላስብበት ጋሼ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

አሰብኩበት። መልሴ ይኸው፤ ካልተስማሙ ምግቡ ላይ ይጨቃጨቁኝ። ቲ ታይም የምንይዘው በአራት በአራት ነው። በፌብሩዋሪ ጸሐፊያችን ስልክ ስትደውል የአባሉን ቁጥር ቆጥራ 24 ሰው ከሆንን ስድስት ምድብ ትይዛለች፣ መያዣም ትከፍላለች። እሳቸው አዲስ አበባ ሳሉ ያቺ ቦታቸው እዚህ ተይዛ ነበር፤ ጠዋት ተመልሰው ቢመጡ ይጫወቱ ነበር። ሦስት ሰው ይዞ የወጣው ምድብ የማን ቦታ ባዶ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ኦገስት ላይ ለሚመጣው ልጅ ግን ኤፕሪል ላይ ማንም ቦታ አልያዘለትም፣ ስሙንም አናውቅም። እኛ የምንከፍለው ለተያዘልን ቦታ እንጂ ለመታነው ኳስ አይደለም። በመታነው ኳስ ቢሆንማ አንዳንዶቻችን በአንድ ሆል፣ በአንዷ ጉድጓድ ብቻ፣ የዓመቱን እንጨርስ ነበር።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን እውነት ለመናገር ትንሽ ቅር ይለኛል። ለሕመምና ለሐዘን የሄደ ሰው አስቀድሞ ካሳወቀ ቦታውን ለእንግዳ ሰጥተን 25ቱን ብናስብለት ምን ይጎድልብናል? እሱን ለብቻው ድምፅ ስጡበት።

የዋንጫው ቅሬታ ደግሞ፣ እኔ እንደማየው፣ ከመጀመሪያውም የገንዘብ አልነበረም። የሃንዲካፕ ነው። ከ2020 ጀምሮ በሚሠራበት የዓለም ሃንዲካፕ ሥርዓት ሦስት ዙር፣ ማለትም 54 ሆል ያስመዘገበ ሰው ሃንዲካፕ ይወጣለታል። የኛ ነባሮች ሃንዲካፕ ግን ከመጨረሻዎቹ 20 ውጤቶች ምርጦቹ 8 ተወስደው የሚሰላ ነው። ለባለ ሦስት ዙሩ ዝቅተኛው ውጤት ተወስዶ ላዩ ላይ ሁለት ይቀነስበታል፤ ጥንቃቄ አለው። ቢሆንም በየሳምንቱ እየተሻሻለ ያለ ጀማሪ በሦስት ዙር ቁጥር ከባለ ሃያው ጋር ሲወዳደር ነባሩ ቢያኮርፍ አልፈርድበትም። ይህን ግን በክፍያ ማስተካከል አይቻልም። የሃንዲካፕን ችግር በዶላር ለመፍታት ስንሞክር ነው አዲሱን ሰው ያስቀየምነው። እኔ የማቀርበው፦ ለመዝጊያው ዋንጫ የሚወዳደር ሰው ከ8ቱ ቢያንስ 4ቱን የተጫወተ ይሁን። ነባርም ይሁን አዲስ፣ ሙሉ ይክፈል ጎዶሎ። ጁላይ ላይ የገባ ሰው አንድም ሳይቀር ከተጫወተ ይደርሳል። ሴፕቴምበር ላይ የገባ ይጫወታል፣ ምሳ ይበላል፣ ለዋንጫው ያጨበጭባል።

ብልጦችም አላችሁ። ማርች ላይ ስሙን አስፍቆ ጁላይ ላይ «አዲስ ነኝ» ብሎ የሚመጣ እንዳይኖር፣ ቅናሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገባ ሰው ብቻ ነው። አቋርጦ የሚመለስ አንድ ሙሉ ሲዝን ካልራቀ በስተቀር ሙሉውን ይከፍላል። የማንንም ስም አልጠራሁም።

አንድ ነገር ላክል፣ ከዚያ ወደ ምግቡ። በዚህ ክርክር ውስጥ «ጎልፍ የሚጫወት ሰው መቶ ዶላር አይቆጥርም» የሚል መልእክት አንብቤ አልተስማማኝም። እኛ የጀመርነው ስላይጎ ክሪክ ባለ ዘጠኝ ሆሏ ሜዳ ላይ ነው። ስድስት ሰው ነበርን፣ በሦስት ሰው ዱላ። አሁን የሚመጡት ልጆች ሌሊት ታክሲ የሚነዱ፣ ነርሶች፣ ገና ትምህርት ላይ ያሉ ናቸው። መቶ ዶላር ይቆጥራሉ፤ እኔም እቆጥራለሁ።

ሜይ ላይ የተጫወትንበትን ላንግስተንንም አስታውሱ። ያ ሜዳ በ1939 የተከፈተው ጥቁሮች በዋሽንግተን እንደ ልባቸው ጎልፍ የሚጫወቱበት በቂ ቦታ ስላልነበራቸው ነው። ከታገሉለት መካከል በ1937 የራሳቸውን ክበብ ያቋቋሙ ጥቁር ሴቶች ይገኙበታል። የአሜሪካ የጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበርም እስከ 1961 ድረስ «ነጭ ብቻ» የሚል ቃል ደንቡ ውስጥ ነበረው። ይህን የማነሳው የኛን 240 ዶላር ከዚያ ጋር ላወዳድር አይደለም፣ ማመሳሰሉም ነውር ነው። ግን በዚህ ጨዋታ ታሪክ የበሩ ነገር ቀላል ሆኖ አያውቅም። እኛ ደግሞ ትልልቆቹ የግል ክለቦች በመግቢያ ሺዎችን የሚጠይቁበት አካባቢ ነው ያለነው። እንደነሱ ለመሆን ካማረን ቢያንስ መጀመሪያ ሜዳ እንግዛ።

ወረቀቶቹ ጠረጴዛችሁ ላይ አሉ። ሦስት ጥያቄ ነው፦ የክፍያው ስሌት፣ የአራት ቀኑ የዋንጫ ደንብ፣ እና ለሕመምና ለሐዘን የሚታሰበው 25። አዎ ወይም አይ ብላችሁ አክብቡ፣ አስተያየት አትጻፉበት፤ አምና የተጻፈውን እስካሁን አንብበን አልጨረስንም። ሳጥኑ ቡናው የሚፈላበት ጥግ ነው። ለዚያ ለኦገስቱ ልጅ ደግሞ ውጤቱ እንደታወቀ ነገ እኔው እደውልለታለሁ። ስልክ ካላነሳ እንጀራው ጋ እጠብቀዋለሁ።

ባለቤቴ ሰዓቷን እያሳየችኝ ነው። ገንዘብ ያዥ፣ ና ተረከበኝ።