አይጦች በጠፈር ጣቢያ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አድማጭ ከአዳማ፦ ጠፈርተኞቹ ራሳቸው እዚያ እያሉ አይጥ ለምን ይላካል?

ጠፈርተኛው ሲመለስ ደሙንና ሽንቱን ይሰጣል፤ ጭኑ ተከፍቶ አጥንቱ አይመዘንም። ከአይጧ ግን ጉበቷም፣ ዓይኗም፣ የጭን አጥንቷም ይመረመራል። የላብራቶሪ አይጥ የምትኖረው ሁለት ዓመት ገደማ ስለሆነም አንድ ወር ለእሷ ረጅም ጊዜ ነው። ዘረ መሏንም መለወጥ ይቻላል። በ2019 እ.ኤ.አ. ከሄዱት 40 ሴት አይጦች 8ቱ ጡንቻ እንዳይፋፋ የሚገታው ማዮስታቲን የተባለ ፕሮቲን የሌላቸው ነበሩ። ከ33 ቀን በኋላ መድኃኒት ያልተሰጣቸው መደበኛ አይጦች ጡንቻ እንደየዓይነቱ ከ8 እስከ 18 በመቶ ሲቀንስ፣ የ8ቱ ግን ባለበት ቆይቷል።

አድማጭ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ስበት በሌለበት እንዴት ይበላሉ? ቆሻሻቸውስ የት ይሄዳል?

የናሳ ማደሪያ አምስት አምስት እየሆኑ በሁለት ክፍል አሥር አይጥ ይይዛል። ሰጋቱራ አይነጠፍም፤ ተንሳፍፎ አፍንጫቸው ይገባል። ግድግዳው በጥፍራቸው ቆንጥጠው እንዲይዙት የሽቦ ወንፊት ነው። ምግቡ ፍርፋሪው እንዳይበተን ተጨምቆ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ አንዲት አይጥ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ትበላለች። ውሃ በተዘቀዘቀ ጠርሙስ ስለማይወርድ፣ ግፊት ካለበት ከረጢት በቧንቧ ይመጣና ጫፉን ይልሳሉ። ጫፉ ካፈሰሰ ውሃው ድብልብል ሆኖ ፀጉራቸው ላይ ይጣበቃል፤ አየር ከገባበት ደግሞ ይጠማሉ። ሽንትና ዓይነ ምድሩን ማራገቢያ ወደ አንድ አቅጣጫ ገፍቶ ማጣሪያ ላይ ያስቀረዋል።

መሣሪያው ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ሩሲያ በ2013 ባመጠቀቻት ቢዮን-ኤም1 ሳተላይት ታይቷል። ሰው አልነበረባትም። ከ45 ወንድ አይጦች ከ30 ቀን በኋላ በሕይወት የተመለሱት 16 ብቻ ናቸው።

አድማጭ ከሐዋሳ፦ ወንድ ነው ሴት የሚላከው?

በናሳ በኩል ሴት ይበዛል፤ ወንዶች አንድ ላይ ሲታጎሩ ይናከሳሉ። ጃፓኖች በ2016 12 ወንዶችን ለየብቻቸው አድርገው ላኩ፤ ግማሾቹን የምድርን ስበት ያህል በሚፈጥር ተሽከርካሪ ማደሪያ ውስጥ አስቀመጧቸው። ከ35 ቀን በኋላ 12ቱም በሕይወት ተመልሰዋል። ከሁሉም የሚያስቀናው የሙከራ አሠራር ይህ ነው፤ ሁለቱም ቡድን እዚያው ጣቢያ ነበር፣ የተለያዩት በስበት ብቻ ነው።

የማስተርስ ተማሪ ከጎንደር፦ ለውጡ ከክብደት አልባነት መምጣቱ በምን ይታወቃል? እዚህስ ልሠራበት እችላለሁ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። በጣቢያው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከምድር በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ማደሪያውም ሌላ፣ ምግቡም ሌላ ነው። ስለዚህ የተመለሱትን ከተራ የላብራቶሪ አይጥ ጋር ማነጻጸር አይበቃም። ምድር ላይ፣ በናሳ የኬኔዲ የጠፈር ማዕከል፣ ሌላ ቡድን በዚያው ዓይነት ማደሪያ ይቀመጥና የጣቢያው ሙቀት፣ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከጥቂት ቀን በኋላ ይደገምለታል።

ቀጥሎ የናሙናውን አቀማመጥ ይመልከቱ። በ2014 የመጀመሪያው የናሳ የአይጥ በረራ የጉበት ናሙናዎች ከፊሎቹ ወዲያው ወጥተው፣ ሌሎቹ ከነሬሳው ቀስ ብለው በርደው ነበር። በዘረ መል እንቅስቃሴ ላይ የአቀዛቀዙ ልዩነት ከጠፈሩ ልዩነት በልጦ ተገኘ። መረጃ ሲያወርዱ በመጀመሪያ «ናሙናው እንዴት ተጠበቀ?» የሚለውን ዓምድ ያንብቡ፤ ሁለቱን ዓይነት አይቀላቅሉ። መረጃው በናሳ የክፍት ሳይንስ ማከማቻ በነፃ ይገኛል። እኛ ዘንድ የሚበዛው የአይጥ ዝርያ ስዊስ አልቢኖ ሲሆን ለጠፈር በብዛት የሚላከው ሲ57ብላክ6 ስለሆነ ውጤታቸውን በቀጥታ አያስተያዩ።

በእጅዎ መሥራት ከፈለጉ፣ ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ በኋላ፣ ክብደት አልባነትን ለመምሰል አይጧ በጭራዋ ተንጠልጥላ ወደ 30 ዲግሪ ዘንበል ብላ የኋላ እግሮቿ መሬት እንዳይነኩ የምትደረግበት ዘዴ አለ። በፊት እግሮቿ ሄዳ ትበላለች፣ ትጠጣለች። የሚያበላሸው ጭራዋን የሚይዘውን ፕላስተር አጥብቆ መጠቅለል ነው፤ ደም ይቋረጥና ጭራው ይጠቁራል። ጫፉን ሳይሸፍኑ ይተዉትና ቀለሙን በየቀኑ ይዩ፤ ክብደቷንም ይመዝኑ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚቀንሰው ከጭንቀትም ሊሆን ስለሚችል ሁሉንም የጡንቻ መሟሸሽ አድርገው አይቁጠሩት።