የሊሙዋ አስቴር እና የጅማ ታላላቅ ሰዎች ዝርዝር

ሰላም ለእናንተ ይሁን አድማጮቼ። ከጅማ ነው የማናግራችሁ። ዛሬ ስለ ከተማችን ታዋቂ ሰዎች ላወራ ተነሥቼ፣ ገና ዝርዝሩን ሳስበው አበሳጨኝ።

የጅማ ታላቅ ሰው ማን ነው ብትሉ መልሱ ከአባ ጅፋር ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ያበቃል። አይፈረድም። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ገዝተዋል። ከምኒልክ ጦር ጋር ከመዋጋት መገበርን መርጠው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ፤ ምክሩ የእናታቸው የገኔ ጉሚቲ ነው ይባላል። እንግዳ ሲመጣብን ጅሬን ኮረብታ ላይ ወዳለው ቤተ መንግሥታቸው ይዘነው የምንወጣው ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን ከኮረብታው ሥር ሂርማታ አለ። ያኔ በደቡብ ምዕራቡ አገር ስሙ የገነነ ገበያ ነበር። ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ ሲወራ ደስ ይለናል። ሰውም ይሸጥ እንደነበር ሲነሣ ግን ወሬ እንቀይራለን። ባሪያ ነጋዴው ከጊቤ ማዶም ከወዲህም ሕፃናትን እየነዳ ወደ ባሕር ያወርድ ነበር።

አስቴር ጋኖ የዚያ ዘመን ልጅ ናት። በልጅነቷ በሊሙ እናርያ ባሪያ ሆነች፤ ሊሙ ዛሬ በጅማ ዞን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ ስትጓዝ የጣሊያን መርከቦች ጀልባዋን ያዙና ነፃ ወጣች። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ የሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተቀበላት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስሙልኝ። ይህች ከቤቷ የተነጠቀች ልጅ ቋንቋዋን አልተነጠቀችም። አድገው ከመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር የሠሩት አስቴር፣ በቃላቸው የያዙትን ተረት፣ ዘፈንና እንቆቅልሽ በመቶዎች እየቆጠሩ ጻፉ። ብዙው እ.ኤ.አ. በ1894 በግዕዝ ፊደል በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ገባ። በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም ደክመዋል። ሽፋኑ ላይ የምናውቀው ስም ግን የኦነሲሞስ ነው። የጉልበቱን ያህል ስም የሚሰጥ አንባቢ እስከ ዛሬ ጥቂት ነው፤ ይኼ እኔን ያናድደኛል።

አስቴር እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ፤ ወደ ሊሙ ሳይሆን ወደ ወለጋ። በማስተማር ኖረው እ.ኤ.አ. በ1964 አረፉ።

ጋዜጣስ እንዲህ ያሉ የጅማ ሰዎችን ያነሣል? አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም. ሲጀምር ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ለመሆን የምትሰናዳ፣ ጣሊያኖች የሠሯቸው ሕንፃዎች ያሉባት ከተማ ነበረች። አሮጌ ጋዜጣ ሳገላብጥ ጅማን የማገኛት በአብዛኛው ቡና ሆና ወይም ሹም ሲጎበኛት ነው። የኦሮምኛው ጋዜጣ በሪሳ የመጣው በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ እሱም እስከ ደርግ ውድቀት ድረስ በግዕዝ ፊደል ይታተም ነበር። አስቴር በዚያው ፊደል ተረታቸውን ካሳተሙ ሰማንያ ዓመት አልፎ ማለት ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ እንግዳ ይዤ ጅሬን ስወጣ፣ ቁልቁል ሂርማታን እያሳየሁ ስለ አስቴርም እናገራለሁ። የሰማ ቅር ይበለው።