ከጎርፉ ወዲህ

ፋኑ እንደተለመደው ይጮኻል፤ ቅሬታ ያላችሁ ለድሬዳዋ ፀሐይ አቅርቡ። የጎረቤቴን ፍየል ወሬ ዛሬ አትጠብቁ። መኪና የገጫት የእናቴ የካሳ ክርክር አልለቀቀኝም።

የመኪናው ባለቤት ጠበቃ ድምፁ ለስላሳ ነበር። «እማማ፣ ከአደጋው በፊት በደንብ ይተኙ ነበር?» አላት። ነጠላዋን አስተካከለችና «ኧረ ልጄ፣ ከጎርፉ ወዲህ መቼ ተኝቼ! ሥራዬን ግን አንድም ቀን አላስታጎልኩም» አለች። እሱ «ከጎርፉ ወዲህ» የሚለውን ጮክ ብሎ ደገመው። «ሥራዬን ግን» የሚለውን አልደገመውም። አመስግኗት ተቀመጠ። አመሰገናት! እሷም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችው።

ጎርፉን አልተርክላችሁም። 1998፣ የደቻቱ ወንዝ፣ ሌሊት፣ ከ200 በላይ ሰው። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ባለ ቁጥር ጫማዋን ራስጌዋ ላይ አድርጋ ነው የምትተኛው። ማለት፣ የምትጋደመው። ሲነጋ ግን ታይዋን ገበያ ሱቋን ከሁሉም ቀድማ ትከፍት ነበር። መኪናው ከገጫት ወዲህ፣ ያውም ስብራት ሳይኖር፣ አስፋልት አትሻገርም።

አሁን ክርክሩ ስንት በመቶው የውኃው፣ ስንት በመቶው የመኪናው ነው የሚል ሆኗል። ሽሮ ከተፈጨ በኋላ አተሩን ከሽምብራው ለዩልኝ እንደማለት ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2091 ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ይላል። ለሕሊና ጉዳት፣ ማለትም ለጭንቀትና ለሐዘን፣ የሚሰጠው ግን፣ በአንቀጽ 2116፣ ከ1000 ብር አይበልጥም። በዚያ ዘመን ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ከዚራ ሰፈር ወርዳችሁ ምሳ ብትጋብዙበት ነው። ስለዚህ ትግሉ ሁሉ የቀረባት ገቢ ላይ ነው። እንግሊዝ አገር ደግሞ ቀድሞ ሕመም የነበረበት፣ በግጭቱ አካሉ ያልተነካ ሰው ነበር፤ ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 አጥፊው ተበዳዩን ከነሕመሙ፣ እንዳገኘው ይቀበል አለ። ይህን ሳነብ ጨፈርኩ። ቀጥዬ ሳነብ፣ ሕመሙ ያለ አደጋውም ይመጣ ከነበረ ካሳው ሊቀነስ ይችላል። ይህም... ስህተት ነው ለማለት አፌ አይደፍርም።

ደግሞ ጠበቃው ላይ ምን አፍ አለኝ? በሐኪሙ ቅጽ ላይ «ቀድሞ የነበረ ሕመም» በሚለው ቦታ «እንቅልፍ ማጣት፣ ከጎርፉ ጀምሮ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ። ስለ ሱቁ የሚጻፍበት መስመር አልነበረውም።

ትናንት ማታ ዘነበ። ገብቼ አየኋት። ጫማዋ ራስጌዋ ላይ የለም። ተሽሏት ነው? ወይስ ቢመጣም... ቆዩ፣ እየጠራችኝ ነው መሰለኝ።